ከቡሬ የገዛሁት ዲቲ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ዲቲን በድምፁ ያውቀዋል። ገና ከወንዙ ማዶ ሳለ ጩኸቱ ይደርሳል፤ ልጆች ከብቱን ጥለው ወደ መንገዱ ይሮጣሉ፤ ቀጥሎ ጭቃ የለበሰ የግብርና ሠራተኛ ሰማያዊ ጭስ እያስከተለ ብቅ ይላል። ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል እና ወንድሙ ኤጂ 100 በግብርናና በጤና ጽሕፈት ቤቶች እጅ ይህን አገር ለዓመታት አካልለውታል። አስፋልቱ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ያልፋል እንጂ ከሱ ግራና ቀኝ ያለው ቀበሌ ብዙው በእግር፣ በበቅሎ ወይም በነዚህ ሞተሮች የሚደረስ ነው።

አጎቴ ከነጂዎቹ አንዱ ነበሩ። ሰሜን አቸፈር፣ ሊበን ተመድበው ከብት ሲከትቡ ኖረዋል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተያዘ ይበላሻል፤ ስለዚህ የበረዶውን ሳጥን ከኋላ ጠፍረው፣ በረዶው ሳይሟሟ ከብቱ ወደተሰበሰበበት መድረስ ነበረባቸው። ነሐሴ ላይ ዋልካው ጎማውን ይጠቀልለዋል፤ ጭቃው ከጎማው ጭቃ መከላከያ ሥር ሞልቶ ጎማው መዞር ሲያቅተው ወርደው በእንጨት ይጭራሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። ገበሬው ላሙን ይዞ ከጧት ጀምሮ ቆሞ ይጠብቃል፤ መዘግየት የለም።

አገር አቋራጭ የሞተር ውድድር በውጭው ዓለም የቆየ ነገር ነው። እንግሊዞች በ1924 እ.ኤ.አ. ካምበርሊ በተባለ ቦታ ኮረብታና ረግረግ መርጠው ተሽቀዳደሙ። በ1979 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የፓሪስ ዳካር ውድድር በሞተር ያሸነፈው ሲሪል ኔቩም የነዳው ያማሃ ነበር። ስለነዚህ ሰዎች ባነበብኩ ቁጥር አጎቴ ይመጡብኛል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ሰዓት ያዥ ሳይቆምላቸው፣ ማንም ሳያጨበጭብላቸው ከዚያ የሚከብደውን ነድተውታል፤ በዚህ አገር የዚህ ስፖርት ባለቤቶች እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እኔና ጓደኞቼ ፍኖተ ሰላም ላይ መሽቀዳደም ስናስብ የትኛውን ሞተር እንግዛ የሚል ክርክር አልነበረንም። ለጀማሪ ቀላል፣ ሲወድቅ ብቻውን የሚያነሳው፣ ዕቃው በየከተማው የሚገኝ ሞተር ያስፈልገዋል። ያ ደግሞ ዲቲ ነው።

አርአያም አለን። ጎረቤቶቻችን አገዎች በ1932 ዓ.ም. የመሠረቱት የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአድዋን ጀግኖችና ፈረሶቻቸውን ሲያስብ ሜዳው በጉግስና በሽርጥ ይንቀጠቀጣል። ፈረሰኛው ማኅበር፣ ቀንና ሜዳ ካለው ሞተረኛው የማይኖረው ለምንድን ነው?

ዲቲ ወደ ግለሰብ እጅ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በጨረታ ነው። መሥሪያ ቤት ያረጀውን ያስወግዳል፣ አንድ ነጋዴ ብዙውን በአንድ ላይ ይገዛል፣ አንዱን አድሶ ሌላውን ፈቶ ለዕቃ ይሸጣል። ከዚያ ስም ሳይዞር ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የኔውንም ደላላ ያገኘልኝ ቡሬ ነው፤ የበርበሬ ገበያ ቀን ስለነበር ከተማው ሁሉ ያስነጥሳል። አጎቴ አብረውኝ መጡ።

ሻጩ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል አጎቴ "ቆይ፣ አትንካው" አሉትና ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ሲሊንደሩ ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነበር። ገዢ ሳይመጣ የተሞቀ ሞተር በሽታውን ደብቋል ይላሉ። ከዚያ የጎማውን ራጂዎች አንድ በአንድ በጣታቸው እየመቱ ድምፃቸውን ሰሙ፤ የላላው ይደነቁራል። ካቴናውን ከጥርሱ ላይ ወደ ኋላ ሳቡት። የፊት ሹካው ዘይት ያለቅስ እንደሆነ ተጭነው አዩት። የሻንሲውን ቁጥር ቆሻሻውን በቤንዚን ጠርገው ከሊብሬው ጋር አነበቡ። በመጨረሻ በእግራቸው መቱት፤ በሁለተኛው ተነሳ። ጭሱ ትንሽ መብዛቱን ጠየቁ። ሻጩም "ጋሼ፣ ዘይቱ ሙሉ ስለሆነ ነው፤ ገንዳውን አፉ ድረስ ሞልቼዋለሁ፣ ልጁ ቤንዚን ብቻ ይጨምር" አለ።

የወረቀቱን ነገር ላሳጥረው። ሊብሬው በመሥሪያ ቤቱ ስም ነበር፤ የጨረታው ደብዳቤ ተፈልጎ እስኪገኝና ስሙ እስኪዞር ቀብድ ብቻ ከፍለን ጠበቅን። ስም ያልዞረ ሞተር የሚገዛ ሰው የሌላውን ዕዳና ክስ አብሮ ይገዛል።

ያመጣሁት ፀሐያማ ጧት ነው። ከቡሬ ስወጣ ቤንዚን አስሞላሁ። ማንኩሳን፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ያስወለዱባትን ማንኩሳን አልፌ ዳገት ስይዝ የሞተሩ ድምፅ ቀጠነ። ጉልበቱ ጠፋ፤ ጋዝ ስጨምርለት ባሰበት። ወዲያው የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ ቆመና ሞተሩ አስፋልቱ ላይ በጎኑ ይንሸራተት ጀመር። ፍሪሲዮን ስይዝ ጎማው ተለቀቀ፤ ቦዩ ውስጥ ሣር ላይ ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ከኋላዬ አይሱዙ ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አነሱኝ፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሊቀድዱልኝ ሲሉ በግድ ከለከልኳቸው። ሞተሩን የጫነልኝ የእህል መኪና ሾፌር ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ፍኖተ ሰላም ላይ መካኒኩ ሲፈታው ፒስተኑ በጎኑ ተፍቆ ተዘልዝሏል፣ ፋሻዎቹ ከቦያቸው ተጣብቀዋል። የዲቲ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ ትንሽ ፓምፕ ከዘይት ገንዳው እየመጠነ ይሰጠዋል። መካኒኩ የፓምፑን ክዳን ከፍቶ ጠራኝ። ፓምፑ የለም። ቀዳዳው ከጣሳ በተቆረጠ ቆርቆሮና በማስቲሽ ተደፍኗል። አፉ ድረስ የሞላው ገንዳ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ሻጩ ሲነዳ የኖረው ዘይቱን በእጁ ከቤንዚኑ እየደባለቀ ነው፤ እኔ ጧት ንጹሕ ቤንዚን ሳስሞላ ሞተሩ ያለ ዘይት ሄዷል።

ፓምፕ መንቀል ነውር የለውም፤ ፓምፑ ሲደክም ብዙ ሰው እንዲሁ ያደርጋል። ነውሩ መደበቁ ነው። ለሻጩ ስልክ ስደውል "ሲነሳ አይተህ አይደል የገዛኸው?" አለኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት እንደሚጠየቅ ይናገራል፤ ከሕጉም በፊት ግን ሰው ነፍሱን የሚሰጠው ዕቃ ላይ እንዲህ አይዋሽም። አጎቴ ስልኩን ተቀብለው "ልጄ፣ ይህን ልጅ ቀብረነው ቢሆን ገንዘቡ ይበላልህ ነበር?" ብለው ብቻ ዘጉት። የተወሰነውን ብር በሽማግሌ መለሰ። ለኔ ከብሩ ይልቅ የከበደኝ ሌላ ጀማሪ እንዲሁ ተሞኝቶ ቢገዛስ የሚለው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ገዢ እለምናለሁ፦ ከመክፈልህ በፊት የፓምፑን ክዳን አስከፍተህ እይ።

ሲሊንደሩ ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ገብቶ ሰፋ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ ፒስተን ገባለት። መካኒኩ ለ5 ሊትር ቤንዚን ሩብ ሊትር የሞተር ሳይክል ዘይት እንድደባልቅ መጠኑን ጠርሙስ ላይ በምስማር ጭሮ ሰጠኝ። ካንዴላው እየጠቆረ ሲያስቸግር ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ መሆኑን አስረዳኝና የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ ለወጠልኝ። ሞተሩ ያን ጊዜ ተነፈሰ።

ጥር ላይ፣ እህሉ ተሰብስቦ መሬቱ ሲደርቅ፣ ሽማግሌዎቹን አስፈቅደን ከከተማው ወጣ ባለ ግጦሽ ላይ ተሽቀዳደምን። አራሾቹ ከብቶቻቸውን ወደ ዳር አደረጉልን። አንዲት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በመንገድ ስታልፍ አይታን ኤጂ 100ዋን እንደጫነች ገባች፤ ከኋላ የዘር ከረጢት ታስሯል። በመጀመሪያው ዙር ቀደምናት። ሜዳውን ወደሚያቋርጠው ቦይ ስንደርስ እኛ ፍሬን ስንይዝ እሷ በመርገጫው ላይ ቆማ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ጋዙን ሳትቀንስ ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልደረሰባትም።

ወርዳ ስንጠጋት ከአጎቴ ጋር ስለ ሊበን መንገድ ጨዋታ ይዘዋል። እንድታስተምረን ለመንናት። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ ስለማትገባ እንደሚመቻት፣ ግን መጀመሪያ ቦዩን ያለ ሞተር በእግራችን እየተመላለስን እንድናየው ነገረችን። ከዚያ ከረጢቷን አጥብቃ አስራ ወደ ቀበሌዋ ሄደች።