የጋሼ ሲጋር

ቡናው እስኪፈላ ይችን ልንገራችሁ። አጎቴ ጋሼ ኩባ ነው ያደገው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወደ ወጣቶች ደሴት ከተሻገሩት የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነው፤ ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን ብርቱካንና ግሬፕፍሩት ይለቅማሉ። እስፓኝኛውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ሲቆጣ በእሱ ነው የሚቆጣው። ጡረታ ሊወጣ ሲል ለሥራ ማድሪድ እንደምሄድ ሰማና «አንዲት የኩባ ሲጋር ይዘህልኝ ና፤ ደህናዋን» አለኝ። ደብተር እየገዛ ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ሌላ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ለእሱ ሲሆን እንግዲህ «ደህናዋ» ማለት ከሁሉ የበለጠችዋ ናት አልኩ።

ስፔን ውስጥ ትምባሆ የሚሸጠው መንግሥት ፈቃድ በሰጣቸው ትንንሽ ሱቆች ነው፤ ቴምብርም ይሸጣሉ። ዋጋው በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል፣ ባለሱቁ ዝቅም ከፍም አያደርገውም። ይህን ማን ነግሮኝ? ባለሱቋ ከኮሂባ ሲጋሮች ቤሂኬ የምትባለውን ከእርጥበት ሳጥኗ አውጥታ ዋጋውን ስትነግረኝ የወር የቤት ኪራዬን የጠራች መሰለኝ። እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ ሻጭ የጠራውን እንዳለ መክፈል ሻጩን መናቅ ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ግማሹን ጠራሁ። ዝም አለች። ትንሽ ጨመርኩ። የዋጋ ዝርዝሩን አምጥታ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አሳረፈች። እንደ ወጉ ልሄድ ነው ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ፤ የሚጠራኝ ጠፋ። ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ከኋላዬ ቴምብር ሊገዙ የተሰለፉ ሽማግሌ ገንዘብ ያጠረኝ መስሏቸው የሳንቲም ቦርሳቸውን ከፈቱ። አንገቴ እስኪቃጠል አፈርኩ፤ ከፈልኩና ወጣሁ።

ታዲያ ያን ያህል ታወጣለች ወይ? ነገርን ከሥሩ ነው። የትምባሆው ቅጠል የሚበቅለው በምዕራብ ኩባ ፒናር ዴል ሪዮ ነው፤ ይደርቃል፣ ተከምሮ ይብላላል፣ ለዓመታት ይቀመጣል። ከኮሂባ ቅጠሎች አንዳንዶቹ በበርሜል ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ይብላላሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣችው ቤሂኬ ደግሞ ሜዲዮ ቲዬምፖ የሚሉት ቅጠል ይገባባታል፤ እሱን የሚያበቅሉት አንዳንድ ተክሎች ብቻ ናቸው፣ ያውም ጫፋቸው ላይ ሁለት ቅጠል። ከዚያ ሰው ተቀምጦ በእጁ ይጠቀልላታል። ለዚህ ሁሉ ድካም ጥሩ ዋጋ ይከፈል፤ ቅር አይለኝም።

የከነከነኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የኮሂባ ሻጮች ዋጋውን በዓለም ዙሪያ አንድ እናድርግ ብለው ወደ ሆንግ ኮንጉ ውድ ገበያ አስጠጉት። ቅጠሉ ያው፣ የሚጠቀልላት እጅ ያው፤ ሲጋሯ ግን በአንድ ሌሊት ሌላ ዕቃ ሆነች። ያ ጭማሪ የወገቧ ቀለበት ዋጋ ነው፤ ሲለኮስ ደግሞ ቀለበቱ አብሮ አይጨስም።

የጡረታው ግብዣ ዕለት ጋሼና የኩባ ጓደኞቹ ከሬስቶራንቱ ወጥተው በረንዳው ዳር ቆሙ፤ በአዋጅ 1112/2011 ምክንያት ቤት ውስጥ አይጨስም። ዝናቡ ይወርዳል። እየተቀባበሉ አጨሷት፣ እስፓኝኛው ደመቀ፣ አንዱ በግሬፕፍሩት እሾህ የተቧጨረ ክንዱን ያሳያል። እኔም ሲሉ ሰምታ ዶሮ እንደተባለው ተቀብዬ እንደ ሲጋራ ወደ ውስጥ ሳብኩት። የሲጋር ጭስ አፍ ውስጥ ተይዞ ነው የሚተፋው ለካ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ የጥበቃው ልጅ በርጩማውን ለቀቀልኝ።

ጋሼ አጠገቤ ጎንበስ ብሎ «ጥሩ ናት፤ ለእኔ ግን ርካሿ ፓርታጋስ ትበቃኝ ነበር። ስንት ገዛሃት?» አለኝ።

ባለሱቋ እንቢ ያለችኝን የመጀመሪያውን ግማሽ ዋጋ ነገርኩት።

«በላችህ!» አለ፣ በእስፓኝኛ እየተቆጣ።