ያላስገባሁት ማመልከቻ

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ አላችሁ? ካላችሁ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ትናንት ማታ አንድ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ሥራ ከለከለኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌላ፣ ኢስቶኒያ ከምትባል አገር ነው አሉ፣ «ውድ አቶ እገሌ፣ ከእርስዎ ጋር ለመቀጠል ባለመቻላችን እናዝናለን» ብሎ ጻፈልኝ። እገሌ የተባልሁት እኔ ነኝ። ስሜን እዚህ አልጽፈውም፤ እስካሁን በየአገሩ የተዋረደው ይበቃዋል። ዕድሜዬ 76 ነው፣ ኢስቶኒያን በካርታም አይቻት አላውቅም፣ ማመልከቻ ከጻፍሁ ዘመን ሆኖኛል። ታዲያ ምን በድያቸው ነው?

ጉዱን ያመጣው የልጅ ልጄ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ በ2013 ተመረቀ፣ ነፋስ መውጫ እኔው ቤት ተመልሶ ገባ፣ ይኸው ሥራ እንደፈለገ አለ። «በዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ፍለጋ ከሰሌዳ ሰሌዳ ሲዞር ሁለት ጫማ ጨረሰ። ቀበሌ የሥራ አጥ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ተደራጁ ሲባል ተደራጀ፣ ሲበተኑም አብሮ ተበተነ። በመጨረሻ ፊቱን ወደ ፈረንጅ አዞረ። የፈረንጅ ቅጽ ደግሞ የቤተሰብ ስም ካልሰጡት ንቅንቅ አይልም። እኛ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ከየት ይምጣ? ልጁ በመጨረሻዋ ሣጥን ውስጥ ማንን ይክተት? እኔን ከተተኝ። ፈረንጅ ሲያከብርም ሲያሰናብትም የሚጠራው በመጨረሻው ስም ነውና፣ እርሱ ያመለክታል፣ እኔ እወድቃለሁ። በደብተር እየጻፈ ይይዛል። እስካለፈው ቅዳሜ 214 ደርሻለሁ።

መጀመሪያ «አባባ፣ ሪሞት ሥራ እየፈለግሁ ነው» ሲለኝ ጎሽ አልሁት። ከትራሴ ሥር የቴሌቪዥኑን ሪሞት አውጥቼ ሰጠሁት። ጀርባው በፕላስተር የታሰረ ነው፤ ድምፅ መጨመሪያውን ሲጫኑት ጣቢያ ይቀይራል፤ ባትሪውን በጥርሴ እየነከስሁ ነው እዚህ ያደረስሁት። እያገላበጠ አየውና ሳቀ። ለካስ ሪሞት ማለት ሩቅ ማለት ነው። አሠሪው ሩቅ፣ ሥራው ሩቅ፣ ደመወዙ ከሁሉም የራቀ። ቅርብ ያለው ሠራተኛው ብቻ ነው፣ እርሱም ከምድጃው አጠገብ። ሌላ ቀን ደግሞ «አዲስ አበባ ውስጥ ገበያ የሚባል ድርጅት አለ፣ ባለሙያና አሠሪ ያገናኛል» አለኝ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። «ነገ ማልደን እንነሳ» አልሁት፣ ታች ጋይንት አርብ ገበያ የሚሄድ መስሎኝ። በቅሎ ሁሉ ተውሼ ነበር።

የሩቅ ሥራማ እኛ እናውቃለን! የስማዳ ሰው፣ የታች ጋይንት ሰው፣ የእስቴም ቢሆን፣ ዝናብ ሲያጥርበት ስንቁን ቋጥሮ ሁመራና መተማ ይወርድ ነበር፣ ሰሊጥ ሊያጭድ። ያ ነው ሩቅ። ሲመለስ ጃንጥላ ይዞ፣ ለሚስቱ ሻሽ ይዞ፣ ለመንደሩ ወሬ ይዞ፣ ወባም ይዞ ይመጣል። ወባውስ እንደ ዛሬው መች ነበር? ጨዋ ነበር፤ በሰዓቱ ይነሳል፣ በሰዓቱ ይተዋል። እኔ እንኳ ወገቤን ስለሚያመኝ ወርጄ አላውቅም። ግን ወግ ነበር።

ትምህርቱም እንደዚያው። ድጓ የፈለገ ተማሪ ከጎጃምም ከሸዋም በእግሩ ተጉዞ የሚመጣው ወደዚሁ ወደ ጋይንት ነው፤ የድጓ ምስክር ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ዙር አምባ ነዋ! በደበሎ፣ በቁራሽ፣ ከየመንደሩ ውሻ ጋር እየታገለ ዓመታት ይቀመጣል። የእኔው ልጅ በሐምሌ 2016 አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው ሥልጠና ሲጀመር ተመዘገበ። የልጆቼ እናት ኮዳ የሚሠሩ መስሏት «ለአምስት ሚሊዮን ኮዳ ውኃው ከየት ይመጣል?» አለች። ልጁ ጋቢውን እንደተከናነበ ተማረ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ የምስክር ወረቀቱ መጣለት። አንድ ውሻ እንኳ አልነከሰውም። ውሻ ያልነከሰው ተማሪ ምን ይዞ ይቀጠራል?

በእኛ ጊዜ ሥራ በችሎታ ነበር። እኔ በ1963 በጋይንት አውራጃ መዝገብ ቤት ስቀጠር ማንም አላገዘኝም። አጎቴ ምስለኔ ስለነበሩ መንገዱን ያውቁታልና አብረውኝ ሄዱ እንጂ። አንድ ጉንዶ ማርም ጭነን ነበር፤ እርሱ እንኳ ለሰላምታ ነው። ሹሙ ማሩን ቀመሱ፣ እኔን አዩ፣ «የእጅ ጽሑፉ ያምራል» አሉ። ጽሑፌን ገና አላዩትም፤ የድሮ ሰው ፊት አይቶ የእጅ ጽሑፍ ያውቅ ነበር። ኢንተርቪው ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ባለጉዳይ አስተናገድሁ። እኔ ዘንድ መልስ ሳያገኝ የሄደ የለም። «ነገ ና» እለዋለሁ። ነገ ሲመጣ «ፈራሚው ስብሰባ ናቸው» እለዋለሁ። በማግስቱ «ቴምብሩ አልተለጠፈም»። ከስማዳ፣ ከወገዳ በእግሩ የመጣ አንድ ሰውዬ ሰባት ጊዜ መልሼዋለሁ፤ ሰባቱንም ጊዜ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «እንዴት አደርህ፣ ከብቱ ደኅና ነው ወይ» እያልሁ። በሰባተኛው መርቆኝ ሄደ፤ መቼም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የዛሬ ማሽን እንዲህ ያለ መስተንግዶ ከየት ያመጣል?

ማሽን ያልሁት አውቄ ነው። ልጁ እንደሚለኝ፣ የሚልከውን ሲቪ ብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚያነበው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። ማሽኑ የሚፈልጋት ቃል ከሌለችበት ሰው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ይህ ሳያንስ፣ ገና በሩ ላይ «ሮቦት አይደለሁም» ብለህ ምልክት አድርግ ይሉታል። ለማን ነው የሚምለው? ለሮቦቱ! አዲስ አበባ አይኮግ ላብስ የሚባል ድርጅት ውስጥ ያሉ የእኛው ልጆች ሶፊያ በተባለችው ሮቦት አእምሮ ላይ ሠርተዋል፤ እርሷም በ2010 አዲስ አበባ መጥታ የክብር እንግዳ ሆና ተስተናግዳለች። ሮቦቷ አውሮፕላን ተሳፍራ ትጋበዛለች፣ የልጅ ልጄ ሮቦት አለመሆኑን በቀን አሥር ጊዜ ይምላል።

አንድ ማታ «አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ጠራኝ። ዘጠኝ ትንንሽ ሥዕል ተደርድሯል፤ የትራፊክ መብራት ያለበትን ምረጥ ይላል። እኛ አገር መኪና የሚያስቆመው በግ ነው፤ የትራፊክ መብራት የት እናውቃለን? ሁለታችንም አፍንጫችንን አስጠግተን ፈለግን። ሦስቱን አገኘን። አራተኛው ላይ ምሰሶው ብቻ ይታያል። «ምሰሶውስ ይቆጠራል?» አለኝ። «ያለ ምሰሶ መብራት ይቆማል? ቁጠረው!» አልሁ። ቆጠረው። ወደቅን። እንግዲህ በስተርጅና ሮቦት ተብያለሁ፣ ይህንንም መዝግቡልኝ።

የልደት ቀን ሲጠይቁት ደግሞ ሌላ ጣጣ። ልጁ የተወለደው ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዝናብ ነው። ቅጹ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው። አሥራ ሦስተኛውን የት ጣሉት? ሴፕቴምበር 8 ብሎ ሞላላቸው። መስከረም ሳይጠባ!

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሰዓቱ ነው። የፈረንጅ ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ መጀመሩን ማን አይቶ? ካሊፎርኒያ ጠዋት ሥራ ሲገቡ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ እነርሱ ሲበርዳቸው ደግሞ ሰዓቱን ራሱን ይገፉትና 2 ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጦ ያድራል፣ ዶሮ ሲጮኽ ይተኛል፣ ቀትር ላይ ይነሳል። ጎረቤት «ምነው፣ ታመመ?» ይለኛል። «አይ፣ አሜሪካ ነው» እላለሁ።

አገራችን ደግሞ ስሟ ነፋስ መውጫ እንጂ ኔትወርክ መግቢያ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በእኛ አገር፣ በጨጨሆ በኩል ነው። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ! መንገዱን እየቆፈሩ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ፈጀባቸው፤ ግን ደረሰ። የልጅ ልጄ የሠራውን ሥራ ለማሳየት አንድ ቪዲዮ ሲልክ 99 በመቶ ይደርስና ጨጨሆ ላይ እንደ ደከመ በሬ ይተኛል። ስልኩን ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ከፍ አድርጎ ጓሮ ለጓሮ ሲዞር ያየ ሰው ጠበል የሚረጭ ይመስለዋል።

በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት ሲቆይ ልጁ ቅስሙ ተሰበረ። እኔስ? እውነቱን ልናገር፣ ያን ሁሉ ጊዜ ማንም ሥራ አልከለከለኝም፤ ስሜ አርፎ ከቤቱ ተቀመጠ። ደግ ዘመን ነበር እንዳልል ግን ማታ ማታ በልጁ ስልክ የማያትን የማሲንቆ ጨዋታ ተነጠቅሁ። ስልክ የሚባል ነገር ትውልድ ያጠፋል፤ በተለይ ሲጠፋ።

ዶላሩንማ ተዉት። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከ57 ብር ተነስቶ መቶውን ሲያልፍ፣ የልጆቼ እናት ልጁ ባላገኘው ዶላር ጣሪያ አድሳ፣ በግ ገዝታ፣ ማኅበር ደግሳ ጨርሳለች። እኔ እንዲህ ያለ የባዶ ሒሳብ አልወድም። ለጥገት ላም ያሰብሁት ግን ከዚያው ነው።

በፍልሰታ ጾም አንድ መሥሪያ ቤት ለኢንተርቪው ጠራው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። ልጁ ከወገቡ በላይ የእኔን ኮት ከነክራባቱ ለበሰ፤ ከወገቡ በታች ጋቢና የላስቲክ ጫማ ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን አሮጌ ጋዜጣ እንዳያዩበት የአያቱን ነጠላ ከኋላው በምስማር ሰቀለ። እኔን «አባባ፣ እባክዎ እንዳያስሉ» አለኝ። ቤቴ ውስጥ፣ በገዛ ጉሮሮዬ! እሺ ብዬ አልጋዬ ላይ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥሁ። አንዲት ሴትዮ ብቅ አለች። ሳቅ ብላ «ሚስተር እገሌ!» ብላ ስሜን ጠራች።

«አቤት!» አልሁ።

ምን ላድርግ? አባቴ ሲጠሩህ አቤት በል ብሎ ነው ያሳደገኝ። ተነስቼ መጣሁና ለጥ ብዬ እጅ ነሳሁ። እንዴት ከረማችሁ፣ ክረምቱ እንዴት ነው፣ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ ሁሉንም ጠየቅሁ። ልጁ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ከጠየቅሁት ግማሹን ብቻ ተረጎመ። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች፣ እጇን አውለበለበችልኝ፣ የሆነ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት መብራት ሄደ። ጨለማው ውስጥ ሁለታችንም ዝም አልን። ብርዱ ብርድ እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ኮቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤው መጣ። «ውድ አቶ እገሌ፣ ለዚህ ቦታ ሌላ ሰው መርጠናል፤ ማመልከቻዎን ግን በፋይላችን ይዘን እንቆያለን» ይላል። ልጁ «የወግ ነው አባባ፣ ለሁሉም እንዲሁ ነው የሚሉት» አለኝ። ምን ያውቃል! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይህንኑ ቃል ለባለጉዳይ ስናገር ኖሬያለሁ። ፋይሉ ተይዟል ከተባለ ተይዟል። እኔ የያዝሁት ፋይል ሁሉ ዛሬም እዚያው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ማንም አልነካውም።

ስለዚህ አሁን የምንጠብቀው ሁለታችን ነን። ከእናንተ መካከል ሥራ ያለው፣ ወይም ሥራ ያለውን የሚያውቅ ካለ ለልጁ ይጻፍለት። ኮድ ያውቃል፣ ሮቦት አይደለም፣ እኔ ምስክሩ ነኝ። በራሱ ስም ጻፉለት። ሌሊት ግን አትደውሉ፤ ስሜን ከጠራችሁ አቤት ማለቴ አይቀርም።