በርበሬው ከመግባቱ በፊት

ዳባት ውስጥ ጥርስ ማብቀል የጀመረ ሕፃን ያለበት ቤት ቤት መሆኑ ቀርቶ ጉባኤ ይሆናል። «ልጁ ምን ይብላ?» በሚለው አጀንዳ ላይ አያት አቋም አላት፣ ጎረቤት አቋም አላት፣ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽንም በሥዕል የተደገፈ አቋም አላት። አባት ድምፅ የለውም፤ በታዛቢነት ይቀመጣል። እኔ ግን ባለቤቴ በየማለዳው በሚኒባስ ደባርቅ ለሥራ ስለምትወጣና እኔም በፈረቃ የማስተምር ስለሆንኩ፣ ለምሳ ሰዓት ብቻ ከታዛቢነት ወደ ጓዳ ተሾምኩ። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ማማሰያ ግን አለው።

አማቴ ከወቅን በኩል ናቸው። እንደ አገሩ ወግ አማቻቸውን «አንቱ» ነው የሚሉት፤ ሲቆጡም «አንቱ» ነው። «አንቱ፣ ይህን ልጅ በረሃብ ሊጨርሱት ነው እኮ!» የሚል ተግሣጽ በዚያ ሁሉ አክብሮት ተጠቅልሎ ሲመጣ መልስ አይገኝለትም። በርሳቸው አቋም ልጅ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ጡትና ቀጠን ያለ አጥሚት ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ሻይ በዳቦ፤ ከዚያ በኋላ «ያገኘውን»። ጤና ኤክስቴንሽኗ ደግሞ ስድስት ወር ከሞላው ጀምሮ ከጡቱ ጋር ወፍራም ገንፎ ትላለች፤ ማንኪያው ሲጋደም ቶሎ የማይወርድ። ቀጭን አጥሚት በእርሷ ሚዛን ውሃ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም።

ለነገሩ ዳባት ስለ ልጆቿ መጠየቅ የለመደች ወረዳ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እዚህ የምርምር ማዕከል ይዞ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ እያለ ይመዘግባል። ስለዚህ ቅጽ ይዞ ደጃፍ የሚቆም ሰው ብርቅ አይደለም። የሕፃናትን አመጋገብ የሚያጠና ሁሉ የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፦ ትናንት፣ ቀንም ሌሊትም፣ ልጁ ምን ምን ቀመሰ? መልሱ የሚመደብበት ሰንጠረዥ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ነው፤ ስምንት ቤት አለው። የእናት ጡት፤ እህልና ሥራ ሥር፤ ጥራጥሬ፤ ወተትና የወተት ውጤት፤ ሥጋ፤ እንቁላል፤ እንደ ካሮትና ጎመን ያለ ቢጫና አረንጓዴ ተክል፤ የቀረው አትክልትና ፍራፍሬ። ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ያለ ልጅ በቀን ከነዚህ ቢያንስ አምስቱን ቢያገኝ ነው ደህና በላ የሚባለው።

ይህን ለአማቴ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። በጸጥታ ሰሙኝና «ቅቤስ?» አሉ።

ቅቤ የለም። በዚያ ሰንጠረዥ ቅቤ ቤት አልተሰጠውም፤ ስብ ነው ተብሎ ቆጠራው ውስጥ ሳይገባ ይታለፋል። በሰሜን ደጋ ተወልደው፣ ገንፎ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ቅቤ ሲሞሉ ለኖሩ ሴት ይህን መንገር ቀላል አይደለም። «ቅቤን ያልቆጠረ ምን ሊቆጥር ነው ታዲያ?» አሉና ሰንጠረዡ ላይ ያላቸው እምነት እዚያው ላይ አበቃ። ድንች ከእንጀራ ጋር አንድ ቤት እንደሚቆጠር የነገርኳቸው ከብዙ ቀን በኋላ ነው፤ አንድ ላይ ቢሰሙት ኖሮ ጠያቂውን ውሻ ይለቁበት ነበር።

ቁጥሩ ግን አያስቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነው አለ፤ አማራ ክልል ላይ ሲደርስ 46 በመቶ ሆነ። መንግሥትም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 አጠፋለሁ ብሎ ነበር። አማቴ ይህንንም ሰምተው «እኛስ መቼ ረዝመን እናውቃለን?» አሉ። ጦርነትና ውድነት በተፈራረቁበት አገር እናትን «እንቁላል ስጪ፣ ወተት ስጪ» ብሎ መምከር ለመካሪው ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። የሚያናድደኝ ሌላው ነው፤ እንቁላሉ እያለ የሚሆነው። ዶሮዋ ጓሮ ትጥላለች፣ እንቁላሉ ገበያ ይወጣል፣ በእንቁላሉ ዋጋ ብስኩትና ከረሜላ ተገዝቶ ለልጁ ይመጣል። በዚህ ንግድ የለፋችው ዶሮዋ ብቻ ናት፤ እርሷም ልፋቷን እንጂ ዋጋውን አታውቅም።

ምድጃ ሥር ከተሾምኩ ወዲህ የያዝኩት አቋም አጭር ነው። ለልጅ ተብሎ ሌላ ድስት መጣድ አያስፈልግም። የልጁ ምሳ እኛው ድስት ውስጥ አለ፤ በርበሬው ከመግባቱ በፊት ማውጣት ነው። የአተር ክኩ ለብቻው ተቀቅሎ ሙክክ ሲል፣ ወደ ቁሌቱ ከመገልበጡ በፊት ሁለት ጭልፋ ለልጁ ይቀነሳል። የተቀቀለ ድንች ይደፈጠጥበታል፣ ደቅቆ የተከተፈ ጎመን ወይም ካሮት ይገባበታል፣ ጠብ የምትል ዘይት ይታከልበታል፤ ጨው ለስሙ ያህል። ቁጭ ብለው ሲቆጥሩት ሦስት ቤት ሞላ። ጡቱ ሲታከል አራት። አንድ እንቁላል ቀቅሎ ከላዩ የፈረፈረለት ሰው የዓለም ጤና ድርጅትን አጥግቦ አደረ። በዓል ሲሆን ጉበት አለ፤ በደንብ በስሎ እንደ ዱቄት ደቅቆ ፍትፍቱ ውስጥ ሲገባ ልጁ ጉበት መሆኑን ሳያውቅ ይውጠዋል።

ሽሮው ላይ ብቻ ተቸግሬ ነበር፤ የቤታችን ሽሮ በርበሬውን ተሸክሞ ነው ከወፍጮ ቤት የሚመለሰው። አማቴን ለምኜ ከታመሰው ክክ ጥቂት ጣሳ በርበሬ ሳይነካው እንዲፈጭ አስደረግሁ። ወፍጮ ቤቱም ነጩን ዱቄት አየና «ማን ታመመባችሁ?» ብሎ ጠየቀ። እስከ ሠፈራችን ጫፍ ድረስ እግዜር ይማርላችሁ ሲሉን ዋሉ።

የገንፎው ጠብ ግን ለብዙ ጊዜ አልበረደም ነበር። ጤና ኤክስቴንሽኗ «ወፍራም»፣ አማቴ «ቀጭን»፤ ልጁ ደግሞ ወፍራሙን ጉንጩ ሥር ያከማቸውና እንግዳ ሲመጣ ያወጣዋል። ዱቄቱ ላይስ ሁሉም ይስማማል፦ ሦስት እጅ ገብስ ወይም ስንዴ፣ አንድ እጅ የታመሰ ባቄላ ወይም አተር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው ፋፋም በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ እህል ከጥራጥሬ፣ ከወተት ዱቄትና ከቫይታሚን ጋር። ያልተስማማንበት ውፍረቱ ነበር። የታረቅነው በብቅል ነው። ወፍራሙ ገንፎ በስሎ ከእሳት ይወርድና ትንሽ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ይማሰልበታል። ብቅሉ ውስጥ ያለው ነገር የዱቄቱን ሙጫነት ይፈታዋል፤ ውሃ ሳይጨመር ገንፎው ዓይናችሁ እያየ ይላላል። ከዚያ ደግሞ አንዴ ፈላ ማድረግ ነው። እህሉ ያው፣ ኃይሉ ያው፣ ግን እንደ አጥሚት ይወርዳል።

አማቴ ብቅሉን ከራሳቸው የጠላ ቅምጥ ስወስድ ያዙኝ።

«አንቱ! ለልጁ ጠላ ሊጠምቁለት ነው?»

ጌሾ እንደሌለው፣ ተጠንስሶ እንደማያድር፣ ሞቅታ እንደማያመጣ ማልኩላቸው። ቀመሱት። ዝም አሉ። በማግስቱ ጠዋት ለጎረቤታችን «ይህን እኮ እኛ ድሮም እናውቀው ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው፤ የአገሬ ሰው ሲሸነፍ እንዲህ ነው።

ከፍታው የራሱ ጣጣ አለው። እዚህ ደጋ ላይ ውሃ የሚፈላው ከመቶ ዲግሪ ዝቅ ብሎ፣ 90 እና 91 ግድም ነው። ባቄላና ሽምብራ የቆላ ዘመዶቻችን በሚሉን ሰዓት አይበስልም፤ ማታ መዘፍዘፍ ነው፤ ሳይዘፈዘፍ የተጣደ ባቄላ የልጁ ምሳ መሆኑ ቀርቶ እራቱ ይሆናል።

ጎረቤቶቻችን ደግ ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ልጁ ድክ ድክ እያለ በራቸው ላይ ከታየ ጭብጥ ቆሎ ሳይዝ አይመለስም። «ጥርሱን ያጠነክርለታል።» ለዚህ ዕድሜ ግን ቆሎ ትንታ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ ጥርስ አያድንም። እኔ ቆሎውን በምስጋና እቀበልና ራሴ እበላዋለሁ፤ ለልጁ ያንኑ ገብስ ተፈጭቶ በሶ ሲሆን በወተት አላቁጬ እሰጠዋለሁ። የሻይን ነገር ግን ገና አላሸነፍኩም። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ እህሉ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ደም የሚሆነውን ማለት ነው። አማቴ ይህን ሰምተው ሻይዋን ለልጁ ቀጠን አድርገውለታል። በርሳቸው ቤት ታርቀናል።

ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ይከፈታል። ችግሩ ልጁ ይጹም አይጹም አይደለም፤ የንስሐ አባታችን ጾም ከሰባት ዓመት ጀምሮ ነው ብለው ዘግተውታል። የተጣላነው በድስቱ ነው። እንቁላል የነካው ድስት ለጾም ወጥ እንዴት ይጣዳል? በዚህ የተነሳ በስንት ቤት ሕፃናት ሳያውቁት ሁዳዴን ከነእናታቸው 55 ቀን ይጾማሉ። እኛ ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንዲት ጣባ ለየን፤ ድስቷ ለብቻዋ ሚስማር ላይ ትሰቀላለች፣ ለብቻዋ ትታጠባለች። አማቴ ሲያልፉ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው። መከራው የኔ ነው። እንቁላሉን በወተት መትቼ ሳበስል ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ ጨው በዛ አልበዛ ብዬ መቅመስ አልችልም። ቀማሹ ራሱ ባለቤቱ ነው። ፊቱን ካጨማደደ በዝቷል፤ ፊቱን ካላጨማደደ ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ መትፋቱን ረስቶት ሊሆን ይችላል።

የሕፃን አፍ ከሊማሊሞ መንገድ ይብሳል፤ የጫነው ሁሉ ሳይገለበጥ አያልፍም። ባለሙያዎቹ አዲስ ምግብ አሥር ጊዜም ቢሆን ሳትሰለቹ አቅርቡለት ይላሉ፤ ሳታስገድዱ። ካሮትን በዚህ መንገድ አስለምጄዋለሁ፤ ጎመንን ግን አሁንም አንድ አንዷን ቅጠል ለይቶ በጣቱ አውጥቶ መሬት ላይ ይደረድራታል። ከመሬት ዶሮዋ ትለቅመዋለች። ዶሮዋ የልጁን ምሳ በልታ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ ተመልሶ ለልጁ ይመጣል። ጤና ኤክስቴንሽኗ ይህን ዙር ስነግራት ቅጹ ላይ የት እንደምትጽፈው አጥታ እስክሪብቶዋን ዘጋች።

ሰሞኑን ይህ ሁሉ ዝግጅት አደጋ ላይ ወድቋል። ልጁ ከጣባው ቀና ብሎ ወደ ትልቁ ትሪ ማየት ጀምሯል። እኔ በርበሬው ከመግባቱ በፊት ያወጣሁለትን ነጭ ክክ ገፋ አድርጎ፣ የእኔን ቀይ ወጥ በእንጀራ ጨልፎ አፉ ውስጥ ከተተ። ፊቱ ቀላ፣ እንባው ወረደ፣ ውሃ ጠጣ፣ ጮኸ። አማቴ ከመደቡ ዘለው ሊያነሱት ሲሉ እንደገና እጁን ወደ ትሪው ሰደደ።

«ይተዉት አንቱ» አሉኝ፣ ያነሱትን እጃቸውን መልሰው። «ደግሞ ጎመኑንም በዚህ ያቅርቡለት እስቲ።»