ደጅ ጥናት በሜኮንግ ማዶ

ደጅ ጥናት ከባላባቱ ሥርዓት ጋር አብሮ የተቀበረ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በታይላንድ የንግድ ቪዛ ይዞ የሚኖር የውጭ አገር ሰው ዓመቱ ሊሞላ ሲል የሚያደርገውን ሽር ጉድ አንድ ጊዜ ቢመለከት፣ ፍትሐት የተደረሰለት ሟች አሁንም በእግሩ እንደሚሄድ ይረዳል። የጥንቱ ደጅ ጠኚ ጉዳዩ እስኪፈጸምለት ከጌታው ግቢ እንዳይርቅ፣ ጌታው ለመሳለም ሲወጡም ሆነ ከግብር ሲነሡ ዐይናቸውን ጣል እንዲያደርጉበት፣ ነጠላውን አደግድጎ ሲጠባበቅ ይውል ነበር፤ የዛሬው ግን ደጅ ለመጥናት አስቀድሞ ከግቢው ጨርሶ መውጣት፣ ድንበር መሻገርና በሌላ መንግሥት አፈር ላይ ቆሞ፣ አልጋውንና ድስቱን ትቶበት የመጣውን አገር «ልግባን?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።

እርግጥ ነው፣ ሳይወጡም ፈቃድን እዚያው ባንኮክ ማስረዘም ይቻላል። ነገር ግን ሕጉ ይህን ጸጋ የሚሰጠው 2 ሚሊዮን ባት የተከፈለ ካፒታል ላለውና ለአንድ የውጭ ሰው 4 የአገሩን ተወላጆች ለቀጠረ ድርጅት ነው። እኔ የማገለግልበት የከበረ ድንጋይ ንግድ ቤት እመቤቲቱን፣ እኅታቸውንና ሒሳብ ያዡን ቢቈጥር ሦስት፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ የምትተኛውን ድመት ቢጨምር አራት ይሞላል፤ ድመቲቱም ውልደቷ ንግድ ቤቱ ካለበት ከሲሎም ሠፈር ለመሆኑ የሚጠራጠር የለም፤ ዳሩ ግን ሕግ አውጪው እሷን ሳያስባት ቀርቷል።

እኔ ራሴ በውልደቴ የወሎ፣ በፓስፖርቴ የስዊድን፣ በእንጀራዬ የባንኮክ ሰው ነኝ። ሥራዬም ከወገል ጤና ገደል የሚቈፈረውን፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ስሙ በዓለም ገበያ የተሰማውን ኦፓል ለገዢ ማሳየት ነው፤ ይህ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ቢነከር ኅብሩ ሁሉ ጠፍቶ ከበስተጀርባው ያለው ፊደል እስኪነበብ ድረስ ይጠራል፤ ሲደርቅ ደግሞ ቀለሙ አንድም ሳይጎድል ወደ ቦታው ይመለሳል።

የደጅ ጥናቱ ስንቅ ወረቀት ነው። የንግድ ምዝገባው፣ የባለአክሲዮኖቹ ዝርዝር፣ የሒሳብ ሚዛኑ፣ የግብሩ ደረሰኝ፣ የሥራ ፈቃዴ ግልባጭና ድርጅቱ እኔን አጥብቆ ስለ መፈለጉ የሚመሰክረው ደብዳቤ ይሰበሰባል፤ በያንዳንዱም ገጽ ላይ እመቤቲቱ በእጃቸው ፈርመው ማኅተም ማሳረፍ አለባቸው። እሳቸውም አንድ ጉርሻ የሚያጣብቅ ሩዝ በማንጎ፣ አንድ ፊርማ፣ እንደገና አንድ ጉርሻ፣ አንድ ፊርማ እያደረጉ ጥራዙን ስለሚዘልቁት፣ በኋለኞቹ ገጾች ላይ ከማኅተሙ ጎን የኮኮናት ወተትም ምስክርነቱን ይሰጣል።

ከወረቀቶቹ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ዘመኑ ነው። ታይላንዶች ዓመት የሚቈጥሩት ቡድሃ ካረፈበት ጀምሮ ስለ ሆነ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማሉ፤ እኛ ደግሞ በትሕትና 7 ወይም 8 ዓመት እንዘገያለን። እናቴ ከደሴ ስልክ ደውላ 2010 ዓመተ ምሕረት እንዴት እንደ ከበዳት ስታጫውተኝ፣ በእጄ የያዝኩት የሥራ ደብዳቤ 2561 ይል ነበር፤ በእናቴ አቈጣጠር ደመወዜ የሚከፈለኝ ከ551 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ካርታም አለ። የድርጅቱን ቦታ የሚያመለክት ሥዕል ካልተያያዘ ማመልከቻው ጎዶሎ ስለ ሆነ፣ ሒሳብ ያዡ በማስመሪያ አንድ ቤተ መቅደስ፣ አንድ የባቡር ጣቢያና አንድ ሰቨን ኢለቨን ሱቅ ሥሎበታል፤ ባንኮክን ለሚያውቅ ሰው ግን ለምልክት የሚሆነው ሰቨን ኢለቨን የሌለበት ማዕዘን ቢገኝ ነው።

ከባንኮክ የሌሊቱን ባቡር የተሳፈረ ሰው ሲነጋ ኖንግ ካይ ይደርሳል፤ ከዚያም በአውስትራሊያ ገንዘብ ተሠርቶ በ1994 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የወዳጅነት ድልድይ የሜኮንግን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ላኦስ መዲና ወደ ቪየንቲያን ያመራል። ታይላንድ በግራ፣ ላኦስ በቀኝ ስለምትነዳ መኪናው ከድልድዩ ማዶ መስመሩን ይለውጣል። ላኦስም በበኩሏ ለጥቂት ቀን ማደሪያ ትሰጠው የነበረው ቪዛ የፓስፖርቱን አንድ ሙሉ ገጽ ይይዝ ነበር፤ ደጅ ወደሚጠናበት አገር ለመግባትም ሌላ ደጅ ነበረ።

የታይላንድ ቆንስላ ዘንድ ሰልፉ ይጀመር የነበረው በማለዳ ነው። ከአጥሩ ውጭ ፎርም፣ መቀስና ሙጫ የያዙ ጉዳይ አስፈጻሚዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጡ ነበር። እኔ ዘወትር እሄድባቸው የነበሩት ባልቴት ጉርድ ፎቶግራፌን ሙጫ ቀብተው ከለጠፉ በኋላ፣ እስኪደርቅ ድረስ በአውራ ጣታቸው ግንባሬን ተጭነው ይቆዩ ነበር፤ ጳጳስ እንኳ እንዲህ አጥብቆ ባርኮኝ አያውቅም። በሩ ሲከፈት አጋፋሪው፣ ማለት ዘበኛው፣ የተራ ቁጥር ያድል ነበር።

ስለዚህ ቁጥር ሳልመሰክር አላልፍም። የአያቶቻችን ደጅ ጥናት ቁጥር አልነበረውም፤ አማላጅ ያለው ትናንት መጥቶ ዛሬ ሲሾም፣ አማላጅ የሌለው ዓመት ከርሞ ነጠላው በላዩ ላይ ያልቅ ነበር። እዚህ ግን የፋብሪካ ባለቤትም ሆነ ቁምጣ ለብሶ የመጣው የእንግሊዝኛ መምህር ቁጥሩ እስኪጠራ ይቀመጥ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚያመላልሰው ቪዛ 5,000 ባት ይከፍል ነበር፤ «ነገ ከሰዓት በኋላ» ይባል ነበር፤ ነገ ከሰዓት በኋላም ፓስፖርቱን ይቀበል ነበር። «ነገ ተመለስ» ማለት ምን እንደ ሆነ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እያወቀ ላደገ ሰው ይህን ማመን ከባድ ስለ ነበረ፣ እኔ እስከ መጨረሻው የሳምንት ልብስ ይዤ ነበር የምሄደው።

አንድ ጊዜ ጸሐፊው ወረቀቴን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «የሚነግዱት ምን ዓይነት ድንጋይ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ከኪሴ አንዲት ኦፓል አውጥቼ በመስኮቱ ቀዳዳ አሳለፍኩለት። ወደ ብርሃን አንሥቶ አረንጓዴውና ቀዩ ሲፈራረቅ ተመለከተ፤ ጎረቤቱን ጠራ፤ ጎረቤቱም አለቃውን ጠራ፤ ሦስቱም አጎንብሰው ሲያዩ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ እንደ ጉድ አጉረመረመ። በመጨረሻ ድንጋዪቱን በሁለት እጁ መልሶልኝ፣ «እጅግ ያማረ ነው፤ የካርታው ማኅተም ግን ከፊርማው በላይ መሆን ነበረበት» አለኝ።

የተገኘው ቪዛ ዓመት ይባል እንጂ አንዱ መግቢያ የሚፈቅደው 90 ቀን ብቻ ነው፤ ይኸውም ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን ጾሞ 20 ቀን እንደ መፈሰክ ያህል ነው። ቀኑ ካለፈ በየዕለቱ 500 ባት፣ እስከ 20,000 ባት ድረስ ቅጣት ይቈጠራል። ነገር ግን ቪዛው ሊያበቃ ሲል ወጥቶ የገባ ሰው ሌላ 90 ቀን ስለሚታተምለት፣ ዓመቱ 15 ወር ሊሞላ ይችላል፤ በ13 ወራታችን ስንኩራራ የኖርን እኛ በዚህ ተበልጠናል።

ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማመልከቻው በኢንተርኔት ሆኗል። ባልቴቲቱ ጠረጴዛቸውን አጥፈዋል፤ ቁጥርም የለም፤ ከታይላንድ ውጭ መገኘት ግን አልቀረም። ስለዚህ አሁንም ድልድዩን ተሻግሬ፣ ቪየንቲያን ከሆቴል አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ወረቀቴን በስልኬ እልካለሁ። ካርታውን ይጠይቁ አይጠይቁ ደንታ የሌላቸው እመቤቲቱ ግን፣ «ለማንኛውም ይያያዝ» ብለው በአዲስ ወረቀት አሥለውታል፤ ሰቨን ኢለቨኑም አሁን ሁለት ሆኗል።