የማይበላ እንግዳ

አጎቴ ኤንትሬውን ከሚሸጥ ኩላሊቱን ቢሸጥ ይቀለዋል። «ይሄ አሮጌ መኪና» ብሎ የጀመረ ሰው እሱ ቤት ሁለተኛውን የቡና ስኒ አይጠጣም። መኪናው ፊያት 682 ነው። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1952 ተጀምሮ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሲመረት ኖሯል፤ «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል የማዕረግ ስምም ወጥቶለታል። መሪው በቀኝ ነው። በዚያ ዘመን የጣልያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ የሚሆነው ሹፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን አፋፍ ወርዶ ሳይለካ እንዲያየው ነበር ይባላል። የአጎቴ ትንታኔ ሌላ ነው፤ «ረዳት ደሞዙን ሠርቶ እንዲበላ ነው» ይላል። መቅደም ሲያምረው ከፊት የሚመጣውን የሚያየው በግራ የተቀመጠው ረዳት ብቻ ነዋ።

እ.ኤ.አ. በ1998 የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ንጉሡ ኮምቦልቻ ዙሪያ አሸዋና ድንጋይ ያመላልሳል። ሞተሩ ምንም አይወጣለት። ችግሩ ሲመሽ ነው። የዳሽቦርዱ መብራት ከመድከሙ የተነሳ ረዳቱ የአየር መለኪያውን የሚያነበው በሞባይሉ ባትሪ እያበራ ነው። ይህንንም አጎቴ ችሎ ኖሮ ነበር፤ የሰፈራችን ልጅ ሲኖትራኩን ከጣሪያ እስከ ፓራፋንጎ በኤልኢዲ አስጊጦ ማታ ማታ በደጃችን ማለፍ እስኪጀምር ድረስ።

«አንተ፣ አዲስ አበባ አይደል የምትኖረው?» አለኝ በስልክ። በማግስቱ ኤልኢዲ አምፖል ፍለጋ ሶማሌ ተራ ነበርኩ።

ሶማሌ ተራ ውስጥ «የለም» የሚባል ቃል የለም። ኤንትሬ የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተቀጣጥለው። የትንሽ መኪና አምፖል ከገባበት ሳይሰናበት ይሄዳል። «ለ24 ይሆናል?» ስለው ሻጩ ማሸጊያውን ሳያይ «ለሁሉም ይሆናል፣ ወንድሜ» አለኝ። ለሁሉም የሚሆን ዕቃ ስለምጠራጠር እዚያው ባትሪ አስመጥቼ፣ አስቀጥዬ፣ አብርቼ አየሁና ገዛሁ።

አምፖሎቹን ይዤ ኮምቦልቻ ገባሁ። ኤሌትሪሺያኑ ገና ልጅ ነው፤ አጎቴን «ፋዘር» ይለዋል። አምፖሎቹን ከመሰካቱ ግማሾቹ በሩ፣ ግማሾቹ ጭልም። አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። ልጁ ግን ያልበሩትን ነቅሎ፣ አገላብጦ ሲሰካቸው በሩ። የድሮ አምፖል ፖዘቲቩ ከየትም ይምጣ ደንታ የለውም፤ ኤልኢዲ በአንድ በር ብቻ ነው የምትገባው።

ቀጥሎ ፍሬቻው ተሞከረ። በራ። በራና ቀረ። ብልጭ ድርግም የለም።

ነገሩን ያስረዳኝ ልጁ ነው። የድሮው ፍላሸር ውስጥ ቀጭን ብረት አለች፤ ወደ አምፖሎቹ የሚያልፈው ከረንት ያሞቃታል፣ ስትሞቅ ትጎብጥና መስመሩን ትቆርጣለች፣ ስትበርድ ተመልሳ ታገናኛለች። ብልጭ ድርግም የሚባለው ይኸው ነው። ባለ 21 ዋት አምፖል በ24 ቮልት ላይ ወደ 0.9 አምፔር ይበላል፤ ብረቷም የምትሞቀው በዚያ ነው። ኤልኢዲዋ የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ አትቀምስም። አሮጌው መኪና ለበላተኛ እንግዳ የተሰናዳ ቤት ነው፤ ሞሰቡም፣ ድስቱም፣ አስተናጋጇም በዚያ ልክ ናቸው። አሁን የመጣችው እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ብላ ስትቀመጥ ባለቤቲቱ ምን ታድርግ? እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ፋዘር፣ ሬዚስተር እናስገባለት» አለ ልጁ።

«ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም። ይሞቃል።»

«ስንት ይበላል?»

«ያው የድሮው አምፖል የሚበላውን ያህል።»

አጎቴ ጥቂት አሰበ። «ቆጣቢ መብራት ገዝተን፣ የቆጠብነውን የሚበላ ሌላ ሰው ልንቀጥር ነው?»

ሬዚስተሩ ቀረ። ለኤልኢዲ ተብሎ የተሠራ የኤሌክትሮኒክስ ፍላሸር ተገዛ፤ እሱ ከረንት በዛ አነሰ ሳይል በራሱ ሰዓት ይቆጥራል። ተገጠመ። አጎቴ ጋቢና ወጣ፣ ረዳቱ ከኋላ ቆመ።

«ግራ!» አለ አጎቴ።

«ግራ በርቷል!» አለ ረዳቱ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ቀኝም በርቷል!»

«ቀኝ አላልኩም እኮ!»

«እሱ ግን ብሏል፣ ጋሼ!»

ወደ ግራ ሲል አራቱም፣ ወደ ቀኝ ሲልም አራቱም ብልጭ ይላሉ። ኤንትሬው ወዴት እንደሚታጠፍ አንድዬ ብቻ የሚያውቅበት ደረጃ ደረሰ። ልጁ ዳሽቦርዱ ሥር ተጋድሞ ሽቦ ሲከተል ቆይቶ እየሳቀ ወጣ። በእኛ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ለግራም ለቀኝም የምታገለግል አንዲት ትንሽ አምፖል ናት ያለችው (በዚህ ዕድሜው ስንት ኤሌትሪሺያን እንደገባበት ማን ያውቃል)፤ አንድ እግሯ በግራው መስመር፣ ሌላው በቀኙ ላይ ነው። ግራ ሲበራ ከረንቱ በእሷ በኩል ያልፍና በቀኝ አምፖሎች አድርጎ ማሳ ያገኛል። ድሮ ያቺ ፍርፋሪ ከረንት የቀኙን ወፍራም አምፖል ማሞቅ ስለማትችል ማንም ሳያያት ታልፍ ነበር። ለኤልኢዲ ግን ፍርፋሪዋ ድግስ ናት። ልጁ ትንሿን አምፖል ለብቻዋ ማሳ ሰጣትና ከሁለቱም መስመር በዳዮድ፣ በዳዮድ አገናኛት። ከዚያ በኋላ ግራ ግራ ሆነ።

ማታ ደግሞ የኋላ መብራቱ ተበራ። ሮዝ ሆኗል። ከገዛሁት መሀል ጥቂቶቹ ነጭ ነበሩ፤ ክዳኑ ቀይ ስለሆነ ቀይ ያደርጋቸዋል ብሎ ልጁ ሰክቷቸዋል። ነጭ ኤልኢዲ ግን የሚሠራው ከሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊው ቢጫ ቅብ ላይ ሲያርፍ ለዓይናችን ነጭ ይመስላል እንጂ የቀይ ድርሻው ጥቂት ነው። ለቀይ ክዳን ቀይ ኤልኢዲ ነው የሚገባው። ቀዩዋ እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራች የኤንትሬ ታናሽ ስትሆን፣ ሰማያዊዋ ሳይንቲስቶችን ብዙ ዓመት ደጅ አስጠንታለች፤ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት በእሷ ነው። ይህን ሁሉ ለአጎቴ በትጋት አስረዳሁት።

«ሦስት ፕሮፌሰር ተሸልመው የእኔ ፍሬን መብራት ሮዝ ይሁን?» አለ።

በቀይ ሲተኩ ግን ማማረራችንን አቆምን፤ ከሥራው ሁሉ ገንዘቡን ያወጣው ይህ ነው። የድሮ አምፖል ሽቦው እስኪግል 0.2 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ ኤልኢዲ ወዲያው ናት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚከተል አይሱዙ ይቺ ጊዜ ከ4 ሜትር በላይ ናት። ወደ ደሴ በሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ 4 ሜትር ቀላል አይደለም።

የፊት መብራቱን አጎቴ አላስነካም፤ ትክክል ነው። የድሮው መስታወት ብርሃኑን የሚያሰባስበው የአምፖሉ ሽቦ ባለበት ነጥብ ልክ ነው፤ እዚያ ሌላ ቅርጽ ያለው ነገር ከገባ ብርሃኑ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። የሲኖትራኩ ልጅ ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

ዳሽቦርዱ ግን ጉድ አመጣ። በማብሪያው ቢቀንሱት የማይቀንስ፣ ወይ ቦግ ወይ ድርግም የሚል ሆነ፤ የቦግታውም ብዛት! የአየር መለኪያው መስታወት ውስጥ ክንፎቿን ዘርግታ የደረቀች ዝንብ ታየች፤ ምናልባት የአሰብ ተወላጅ። የዘይት መለኪያው ቀስት ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶም ሲነሳም ከመካከል ንቅንቅ አይልም። ረዳቱ ስንት ጊዜ በሞባይል እያበራ «ዘይቱ ደኅና ነው» ሲል እንደኖረ አጎቴ ሲገባው ያየውን አስተያየት ረዳቱ ይንገራችሁ።

ለቦሎ ምርመራ ስንሄድ መርማሪው መኪናውን ዞሮ፣ ፍሬቻውን አይቶ፣ ስቶፑን አስረግጦ ወደ ጋቢናው ቀረበ።

«አባባ፣ ይሄ መብራት ከፋብሪካው የመጣ ነው?»

«ልጄ» አለ አጎቴ፣ «ከፋብሪካው የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

መርማሪው ስቆ ፈረመና ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን ማየት ጀመረ። አጎቴ ሳቁን አቆመ።