ለክቡር የሚመለከተው አካል

ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአህዮችን፣ የጋሪ ፈረሶችንና የውሾችን አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በየስብሰባው ማጠቃለያ ላይ ስምዎ ሳይጠራ ቀርቶ አያውቅም፤ መልክዎን ያየ ግን የለም። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ጎረቤቶቻቸው ሸገር ከተማ ተብለው በ12 ክፍለ ከተማ ሲደራጁ፣ ከአንዱ ቢሮ ወንበር ይዘው እናገኝዎታለን ብለን ነበር። አልሆነልንም። ስለዚህ አቤቱታችንን በአደባባይ ለመጻፍ ተገደናል።

አስቀድመን ምስጋና እናቅርብ። «ለእንስሳት ሕግ የላችሁም» እያሉ የሚያሙንን ሁሉ አፍ የሚያስይዝ ሕግ አለን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 817 እንስሳን በጭካኔ ማንገላታትና ከአቅም በላይ ማሠራትን ይከለክላል። ከእሱ በፊትም በ1994 ዓ.ም. የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267 ወጥቶልን ነበር። ችግሩ ትንሽ ነው፦ አንቀጽ 817 የተቀመጠው ከደንብ መተላለፎቹ መንደር ስለሆነ ፖሊስ ከዋናው ወንጀል ተርፎት እዚያ ድረስ ገልጦ አያነብም፤ አህያ ደግሞ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን አትሰጥም።

ጠዋት ከገፈርሳ ግድብ በላይ ያለውን ዳገት ቢመለከቱልን ደስ ይለናል። አህያይቱ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም አንድ ኩንታል ተጭናለች። ገመዱ ጀርባዋን ልጦት ዝንብ ወሮታል። ነጂው ዱላውን የሚያሳርፈው ከቁስሉ ላይ ነው፤ ሌላው ገላዋ ደንዝዞ ስለማይሰማት ቶሎ የምትራመደው እዚያ ስትመታ መሆኑን በልምድ ደርሶበታል። እኛው ነን እንግዲህ በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት ተቆጥተን ያስዘጋነው። ታርዳ ቆዳዋ ባሕር መሻገሩ ነውር ነው አልን፤ በቁሟ መገፈፏን ግን ባህል አደረግነው። በየካቲት 2016 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስቦ አህያ ለቆዳዋ ሲባል እንዳትታረድ ለ15 ዓመት ከለከለ። የገፈርሳ አህዮች ውሳኔውን በደስታ ተቀብለውታል፤ በእነዚህ 15 ዓመታት ጭነቱን ማን እንደሚመዝን ግን ይጠይቃሉ።

የጋሪ ፈረስ ጉዳይ አጭር ነው። ሲያነክስ ከጋሪው ተፈትቶ አስፋልት ላይ ይለቀቃል። ይህ በእኛ ዘንድ ጡረታ ይባላል።

ወደ ውሾቹ ስንመጣ ነገሩ ይረቅቃል። የሰፈራችን ውሻ ቀኑን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ሲመሽ ይፈታና የመንደሩ ጥበቃ ይሆናል። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው፣ ፈረቃ የሚቀይረው የለ። ሌባ ያባረረ ዕለት «የኔ ውሻ እኮ ነው!» የሚል ባለቤት አያጣም። ልጅ የነከሰ ዕለት ግን ያው ባለቤት «እኔ ውሻ የለኝም፤ እንዲሁ ከደጄ ያድራል እንጂ» ይላል።

ባለቤት እንደሌለው በዚህ መልክ ከተረጋገጠ በኋላ ቀሪው የእርስዎ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ በየጊዜው ሲሠራበት የኖረው መላ ስትሪክኒን የተለወሰበት ሥጋ ነው። እኛ ሥጋ በዓመት በዓል ቅርጫ ገብተን በምንቀምስበት ዘመን ውሻ ከበጀት ሥጋ የሚመደብለት ለመሞቻው ብቻ ነው። ጠዋት ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው ሲወጡ፣ እግሮቹን እንደ እንጨት ገትሮ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ከቱቦው ዳር ይጠብቃቸዋል። ሬሳውን የሚያነሳ ካልመጣ ጅብና ጥንብ አንሳ ይጠሩበታል፤ የከተማውን ጥንብ በነጻ የሚያጸዱልን እነሱም መርዙን ተካፍለው ይሞታሉ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት የነበረው ዛሬ ባለቤቱን ፈርቶ ውሻውን ሆኗል።

የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ እንዳልሆነ እናውቃለን። በ1895 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ያመሰው ወረርሽኝ በታሪክ ተመዝግቧል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ዛሬም የሚያድን ሐኪም የለም። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ነገር ግን መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። የሞተው ውሻ ቦታም ባዶ አያድርም፤ ቆሻሻው እስካለ ድረስ ከማዶ ሰፈር ያልተከተበ ጎረምሳ መጥቶ ይተካዋል። ከመቶ ውሾች ሰባው ከተከተቡ ግን በሽታው መሸጋገሪያ ያጣል። ሜክሲኮ ውሾቿን በየዓመቱ በነጻ ስትከትብ ቆይታ፣ ከውሻ በሚመጣ በሽታ ሰው መሞቱን ማስቀረቷን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አረጋግጦላታል።

ስለዚህ የምንለምነው አንድ ገጽ የከተማ ደንብ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንዳይዛባብን። ቅጣቱን አስቀድመው «ውሻ ያለው ይመዝገብ፣ ይክፈል» ቢሉ፣ በማግስቱ ገፈርሳ ውስጥ ውሻ ያለው ሰው አንድም አይገኝም። መጀመሪያ ክትባቱ በነጻ ሰፈር ድረስ ይምጣ። ውሻውን በገመድ ጎትቶ ያመጣው ሰው ባለቤት ተብሎ ይጻፍ፤ ለውሻውም ማሰሪያና ቁጥር ይሰጠው። ልጅ በተነከሰ ዕለት የሚገለጠው ያ መዝገብ ይሁን። ከልክ በላይ የጫነ አይሱዙ የሚያስቆም ትራፊክም ከልክ በላይ የተጫነች አህያ ስታልፍ ያንኑ ፊሽካ ይንፋ። የጋሪ ፈቃድ በሚታደስበት ቦታ ሁሉ ከመንኮራኩሩ ጋር የፈረሱም እግር ይታይ።

በመጨረሻም ይህን የሚያስፈጽመው ሰው ስም፣ ስልክና የቢሮ ቁጥር በደንቡ ላይ ይስፈር። «የሚመለከተው አካል» የሚል ሐረግ ከርዕሱ እስከ ማኅተሙ እንዳይገባበት አጥብቀን እንለምናለን። ክቡርነትዎ በዚህ ሥራ ያጣሉ ብለን አንሰጋም፤ እስካሁንም ሠርተው አያውቁምና።

ከሰላምታ ጋር
የገፈርሳ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለትራፊክ ፖሊስ፣ ከፊሽካው ጋር
ለጅቦችና ለጥንብ አንሶች፣ ለጥንቃቄ
ለውሻ ባለቤቶች በሙሉ፣ «የኔ አይደለም» ብለው እንዳይመልሱት በፊርማ የሚረከቡት