የጥናት ጽሑፍ አመራረት

የጥናት ጽሑፍ ተጠቃሚ ሳይኖረው በገፍ የሚመረት ሸቀጥ ነው። ዳቦ የሚበላው ካጣ ይሻግታል፤ የጥናት ጽሑፍ ግን አንባቢ ባያገኝም ዋጋው አይጎድልም፤ የሚፈለገው ለንባብ ሳይሆን ለቆጠራ ነውና። ረዳት ፕሮፌሰሩ ወደ ተባባሪ፣ ተባባሪው ወደ ሙሉ ፕሮፌሰርነት የሚያድገው ባሳተመው ልክ ነው። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴውም ፋይሉን ከፍቶ ይቆጥራል፣ ይደምራል፣ ይፈርማል። ላንብብ ቢል ክርክር ይነሳል፣ ከክርክርም ቂም ይወለዳል። በመደመር የተቀያየመ ኮሚቴ የለም።

ቆጠራው የታወቀ መለኪያ አለው። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ኤች-ኢንዴክስ የተባለውን ቀመር አቀረበ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ተመራማሪ ኢንዴክሱ 20 ነው። የቀመሩ ትልቁ በጎነት ጽሑፎቹ ስለ ምን እንደሚያወሩ አለመጠየቁ ነው። በ2010 ሲሪል ላቤ የተባለ ፈረንሳዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ይህን በጎነት እስከ ጥጉ ፈተሸው። አይክ አንትካሬ የሚባል፣ በምድር ላይ የሌለ ሊቅ ፈጠረ፤ በስሙም ኮምፒውተር የፈበረካቸውን ትርጉም አልባ ጽሑፎች እርስ በርስ እያጠቃቀሰ ኢንተርኔት ላይ አኖረ። በጉግል ስኮላር ቆጠራ የአንትካሬ ኢንዴክስ 94 ደረሰ፤ አልበርት አንስታይንንም ጥሎት አለፈ። አለመፈጠሩ አንዳች እንቅፋት አልሆነበትም። በሕይወት ያሉት ሊቃውንት የሚያደርጉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እከክልኝ ልከክልህ በሒሳብ ሲሰላ ማዕረግ ያሰጣል።

የደራሲነት ወግም በዚሁ መንፈስ አድጓል። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ጃክ ሄዘሪንግተን በ1975 ያሳተመውን ጽሑፍ ለብቻው ሠርቶ ሳለ ከዳር እስከ ዳር «እኛ» እያለ ነበር የጻፈው። መጽሔቱ ለነጠላ ደራሲ «እኛ»ን እንደማይቀበል ሲነገረው፣ ሁሉንም እንደገና በታይፕ ከማስመታት ድመቱን ተባባሪ ደራሲ አድርጎ አስገባው። ጽሑፉ «ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ» ላይ ወጣ። ላብራቶሪውን በሩን እንኳ ሳያንኳኩ ስማቸው ከሚገባላቸው የክፍል ኃላፊዎች ጋር ሲነጻጸር የድመቱ ድርሻ የሚናቅ አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ የታይፕ ሥራ አስቀርቷል። ያው መጽሔት በ2015 የሂግስ ቅንጣትን ግዝፈት የለካ 33 ገጽ ጽሑፍ ሲያወጣ ደራሲዎቹ 5,154 ነበሩ፤ 24ቱ ገጽ የእነሱና የተቋሞቻቸው ስም ዝርዝር ነው። ሥራው እውነተኛና የብዙ ሰው ድካም የፈሰሰበት ነው። ቆጣሪው ግን ድካም አያውቅም፤ ለእያንዳንዱ አንድ፣ አንድ እያለ ይመዘግባል።

መጻፉ ራሱ ከሁሉ ቀላሉ ሆኗል። ሦስት የኤምአይቲ ተማሪዎች በ2005 ሳይጀን የተባለ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ጽሑፍ የሚመስል ቅዠት የሚያመነጭ ፕሮግራም ሠርተው አንዱን ውጤት ኦርላንዶ ላይ ለሚካሄድ ጉባኤ አስቀበሉ። ለቀልድ ነበር። በ2014 ስፕሪንገርና አይትሪፕልኢ ካሳተሟቸው የጉባኤ ጽሑፎች ውስጥ ከ120 በላይ የሚሆኑት የዚያው ፕሮግራም ውጤቶች መሆናቸው ሲደረስበት ግን ቀልዱን ለእንጀራ ያዋሉት እንደነበሩ ታወቀ። በ2024 ደግሞ ስለ ሊቲየም ባትሪ የተሠራ አንድ ጥናት ለርዕስዎ የሚሆን መግቢያ ይኸውልዎ በሚል የቻትቦት መስተንግዶ ተከፍቶ ታትሟል። በደራሲዎቹ፣ በገምጋሚዎቹና በአርታኢው እጅ ሲያልፍ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያየ ካልተገኘ ስለ ሁለተኛው መጠየቅ ነውር ነው። ቻትቦት ለመጠየቅም ጊዜ ያጣ ሰው ከጽሑፍ ፋብሪካ ያለቀለት ጥናት ላይ የደራሲነት ቦታ ይገዛል፤ የመጀመሪያው ስም ከአራተኛው ይወደዳል።

ቀጥሎ ያለው ደረጃ የአቻ ግምገማ ይባላል። ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን «ሳይንስ» መጽሔት ላይ በ2013 ላወጣው ዘገባ፣ ከድንጋይ ሽበት የተገኘ የካንሰር መድኃኒት አለ የሚልና ስህተቱ ፊት ለፊት የሚታይ የሐሰት ጽሑፍ ለ304 ጆርናሎች ላከ፤ 157ቱ ተቀበሉት። ከዚህ ይልቅ የግምገማን ጥልቀት የሚያሳየው በ2014 የሆነው ነው። በጆርናሎች የግብዣ ኢሜይል የተሰላቸ አንድ አውስትራሊያዊ የኮምፒውተር መምህር፣ ሁለት አሜሪካውያን ቀደም ሲል ያዘጋጁትን ጽሑፍ ላከ። ጽሑፉ ከኢሜይል ዝርዝራችሁ አውጡኝ የሚል፣ ስድብ የተቀላቀለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ከርዕስ እስከ መደምደሚያ የተደጋገመበት ነው፤ ግራፉም ሥዕላዊ መግለጫውም ይህንኑ ይላሉ። «ዓለም አቀፍ» የሚል ስም ያለው ጆርናል ጽሑፉን «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ መዘነው፤ የቅርብ ጊዜ ዋቢዎች እንዲጨመሩና 150 ዶላር እንዲከፈል ብቻ ጠየቀ። ስድቡን የሚያጠናክር አዲስ ዋቢ ከየት ይመጣል የሚለውን ገምጋሚው አላብራራም።

በየካቲት 2024 አንድ የሕዋስ ሥነ ሕይወት ጆርናል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሣለ አይጥ አወጣ። አይጡ ቁጭ ብሎ፣ ከገዛ አካሉ የሚበልጠውን ብልቱን ሽቅብ ይመለከታል፤ በዙሪያው ያሉት አብዛኞቹ ስያሜዎች በየትኛውም ቋንቋ የሌሉ የፊደል ድርድሮች ናቸው። አንዱ ገምጋሚ ስለ ሥዕሎቹ ጥያቄ አንስቶ ነበር፤ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ጽሑፉ ታተመ። ማኅበራዊ ሚዲያ በሦስት ቀን ስቆ አስሻረው። የሳቅ ግምገማ በነጻ የሚሰጥና ፈጣን ቢሆንም እስካሁን በማንም መመሪያ ውስጥ አልተካተተም።

የመጨረሻው ደረጃ መሻር ነው። በ2023 በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ጽሑፎች ተሽረዋል፤ ከ8,000 የሚበልጡት ዋይሊ የተባለው አሳታሚ በ2021 በ298 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የአሳታሚው ሂንዳዊ ናቸው። የተሻረ ጽሑፍ ደግሞ መጠቀሱን አያቋርጥም፤ ሲጠቅሱት ያላነበቡት ሲሻር አያነቡትም።

በአሠራሩ ላይ እውነተኛ ችግር የሚፈጠረው አንባቢ ሲገኝ ነው። አንድ ጀርመናዊ የማደንዘዣ ሐኪም የደም መጠንን ለመተካት በደም ሥር ስለሚሰጥ ከስታርች የተሠራ ፈሳሽ ደኅንነት ጽሑፍ ሲያዥጎደጉድ ኖረ፤ ሐኪሞችም አነበቡት፣ አመኑትም። በ2013 «ጃማ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትንተና የእሱን ሰባት ጥናቶች አውጥቶ ቀሪዎቹን ሲደምር ፈሳሹ በጽኑ ሕሙማን ላይ የሞትንና የኩላሊት ጉዳትን አደጋ እንደሚጨምር ታየ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በዚያው ዓመት አጠቃቀሙን ገደበ። ፈሳሹ እስከዚያ ድረስ የተሰጣቸውን ሕሙማን የሚቆጥር ኢንዴክስ አልተፈለሰፈም። የሐኪሙ የተሻሩ ጽሑፎች ግን ተቆጥረዋል፦ ከ200 በላይ ናቸው፤ በዚህም ከዓለም አንደኛ ነው።